የተገዘተው ሚስማር

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ብርድ ሲመጣ የሚነሣብሽ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? ሰማያዊው ቀሚስሽ ዛሬም ልክሽ ነው ወይስ ሰፍቶሻል? ይህን የምጠይቅሽ ደብዳቤ በሰላምታ ስለሚጀመር አይደለም፤ መልስ ስለምፈልግ ነው። ካለፈው ኅዳር ወዲህ አራት ደብዳቤ ልከሽልኛል። አራቱም «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ይላሉ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ቃሉ አልተለወጠም። እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እበርራለሁ። ተቆጥቻለሁ እንጂ አልታመምኩም።

መምህር ፈንታሁን፣ ደብዳቤውን የምታነብላት አንተ ነህና አንድ ቃል ላንተም። ባለፈው ጊዜ ነፋስ አይሮፕላናችንን እንዴት እንዳንገላታው የጻፍኩትን ዘለህ «በሰላም በርራ በሰላም ገባች» ብለህ እንዳነበብክላት ሰምቻለሁ። የዛሬውን ሳትዘል፣ ሳትጨምር፣ ሳታሳጥር አንብብላት። የተማሪዎችህ መምህር ነህ፤ የእኔ ግን አብሮ አደጌ ነህ፤ አልፈራህም።

እናቴ፣ እኛ ዘንድ አብራሪ ወደ ፈለገበት አይበርርም። ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው አይሮፕላን፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን ሰው አለ፤ መዳቢ ይባላል። የኛ መዳቢ ጓድ አሻግሬ ነው፤ የወግዲ ሰው። ቢሮው ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ ሚስማሮች ተመትተዋል፤ ከየሚስማሩ በላይ የአገር ስም በጠመኔ ተጽፏል፦ አሰብ፣ አዲስ አበባ፣ ላሊበላ፣ የኛው መካነ ሰላም። እያንዳንዳችን ስማችን የተጻፈበት ቁራጭ ጣውላ አለን። አሻግሬ ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ጣውላዎቹን በየሚስማሩ ያንጠለጥላል። ጧት መጥተሽ ጣውላሽ የተሰቀለበትን አገር ታያለሽ፤ ወደዚያው ትሄጃለሽ። አብራሪ ከሚስቱ ቢጣላ ይሻለዋል ከመዳቢው ከሚጣላ ይባላል። የወንድምሽ ሠርግ ቀን አሰብ ሊልክሽ ይችላል፤ ሊያስቀርሽም ይችላል። ስለዚህ አሻግሬ ሻይ ቤት ገብቶ የጠጣበትን ራሱ ከፍሎ አያውቅም፤ እሱ ሳይቀመጥ አንዱ ይከፍልለታል።

እዚህ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በስምንት ወር ውስጥ «አሰጋሽ» የሚለው ጣውላዬ መካነ ሰላም ከሚለው ሚስማር ላይ አንድም ቀን አልዋለም። መጀመሪያ አዲስ ስለሆንኩ ነው ብዬ ታገስኩ። የኔ ጣውላ የሚውለው አዲስ አበባ ላይ ነው። ሥራዬ እንግዳ ማመላለስ ሆነ። ካሜራ ያነገቱ ፈረንጆች፣ ከየኮሚቴው የመጡ ባለሥልጣኖች አመጣለሁ፣ እመልሳለሁ። ሲወርዱ «ሴት አብራሪ!» ይሉና ክንፉ ሥር አቁመው ፎቶ ያነሡኛል። እጅሽን እንዲህ አድርጊ፣ ፈገግ በይ ይሉኛል። ረኃብ ሊያዩ መጥተው መጀመሪያ የሚያነሡት እኔን ነው።

ከእኔ በኋላ የተቀጠረው ቢተው ግን ስንዴ ጭኖ መካነ ሰላም ከሃያ ጊዜ በላይ አርፏል። ነገሩ የክብር ብቻ እንዳይመስልሽ። ከረዳት አብራሪነት ወደ ካፒቴንነት ለማለፍ ደጋ ላይ ያረፍሽባቸው ቀናት ይቆጠራሉ። አየሩ ስስ በሆነበት፣ ሜዳው ባጠረበት፣ የሜዳው ጫፍ ገደል በሆነበት አገር ማሳረፍ ያልቻለ ካፒቴን አይሆንም። ክረምት ገብቶ የናንተ ሜዳ ሲጨቀይ ደግሞ በረራው ይቆማል። የቀረን ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። ቢተው በመስከረም ለካፒቴንነት ይፈተናል። እኔ በመስከረም ፎቶ እነሣለሁ።

ካፒቴን አካሉ የሚባል አለ፤ አፉ መራራ፣ ልቡ ደህና የሆነ ሽማግሌ አብራሪ። ቁርስ ቤት ስገባ «ተነሡ፣ የፎቶ ካፒቴን መጣች!» ይላል። አንድ ቀን «አንተን የሚያነሣህ ስላጣህ ነው» አልኩት። «እኔንማ የሚያነሣኝ ቃሬዛ ብቻ ነው» ብሎ ሣቀ። ሌሎቹም ሣቁ። እኔም ሣቅኩ፤ ቁርሴን ግን አልጨረስኩም።

አሻግሬን ጠየቅኩት። መጀመሪያ «የዚያ አገር ነፋስ ከባድ ነው» አለኝ። «ነፋሱ ቢተውን አያገኘውም?» አልኩት። በሌላ ሳምንት «መሪውን ለመሳብ ጉልበት ይጠይቃል» አለ። «በእናቴ ወፍጮ ፈጭቼ ያደግኩ ነኝ፤ መጁን ብታነሣው እንዲህ አትልም» አልኩት። በሦስተኛው «አይሮፕላኑ ቢበላሽ እዚያ ማደር ይመጣል፤ ለሴት የሚሆን ማደሪያ የለም» አለ። በዚህ ጊዜ ሣቄ አመለጠኝ። «አሻግሬ፣ ከዚህ ሁሉ አብራሪ መካነ ሰላም ላይ የእናት ቤት ያለው ማን ነው? ቢተው ጆንያ ላይ ሲያድር እኔ ከእናቴ መደብ ላይ እተኛለሁ» አልኩት። ጠመኔውን በሁለት ጣቱ አሽከረከረ። ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ።

ሰኞ ሰኞ ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ አለን። መጨረሻው ላይ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል፤ አጠፋ የተባለ ሰው በሰው ፊት ይወቀሳል፣ ራሱንም ይወቅሳል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ እጄን አወጣሁ። ተቀምጬ አልተናገርኩም፤ ቆሜ ነው። ከጥር ጀምሮ በማስታወሻዬ የያዝኩትን ምድብ ቀን ከቀን፣ ስም ከስም እየጠቀስኩ አነበብኩ። «ግድግዳችን ላይ ‹ያለ ሴቶች ተሳትፎ አብዮቱ ግቡን አይመታም› የሚል ተጽፏል። ከሥሩ የተሰቀለው ሰሌዳ ግን ሌላ ነገር ይላል» አልኩ። አካሉ እንኳ አልቀለደም። የክበቡ ሊቀ መንበር አሻግሬን «ምን ትላለህ?» አለው።

ይከራከረኛል ብዬ ነበር፤ ለክርክሩ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ «በሴት ጓዶች ላይ ያለኝ አመለካከት ኋላ ቀር እንደነበር አምናለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ተቀመጠ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ሰዎች እየመጡ እጄን ጨበጡኝ። ያን ማታ እንደ ዳኛ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ማክሰኞ ጧት ሰሌዳውን ለማየት ሮጬ ገባሁ። ጣውላዬ አዲስ አበባ ላይ ተሰቅሏል።

ነቀልኩትና ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። ምን እንዳልኩት ፈንታሁን እንዲያነብልሽ አልጽፈውም። አሻግሬ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «እህቴ» አለኝ፤ ጓድ ማለቱን ተወ። «አፈር ስሆን፣ ድምፅሽን ቀንሺ። እኔ ሴት ጠልቼ አይደለም። በቄስ ተገዝቼ ነው» አለ።

እናቴ፣ ከዚህ በኋላ የነገረኝን አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። እኔ ግን እንደሰማሁት ልጻፍልሽ፤ የጎደለ ካለ ትሞዪዋለሽ።

በኅዳር መጨረሻ አባ ወልደ ገብርኤልና ሸህ ጀብሪል እህል አራግፎ በሚመለስ የጭነት መኪና ተሳፍረው፣ ሁለት ቀን ተጉዘው፣ አቧራ እንደለበሱ ኮምቦልቻ ገቡ። ጥበቃው «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» ቢላቸው ሸህ ጀብሪል «ሰው ወዲያና ወዲህ የሚልከውን የወግዲውን ልጅ» አሉት። አሻግሬ ወንበርና ሻይ ቢያቀርብ አንቀመጥም፣ አንጠጣም አሉ። አባ ወልደ ገብርኤል እንደቆሙ የመጡበትን ተናገሩ። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ብቻ የቀረቻት ሴት እንደላከቻቸው፣ ልጂቱ ያንን የገደል አፋፍ ሜዳ እንዳትረግጥ ሊማለዱ እንደመጡ ነገሩት። አሻግሬ «አባቴ፣ ምድቡ የመንግሥት ነው፤ የኔ አይደለም» ቢላቸው መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። «እንግዲያውስ የወለተ ኪዳንን ልጅ በእጅህ ወደ መካነ ሰላም ሜዳ ብትመድብ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዝቼሃለሁ» አሉት። ሸህ ጀብሪልም መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ፊታቸውን አበሱና «ልጄ፣ እንግዲህ በሁለቱም በኩል ተዘግቶብሃል» አሉት። ከዚያ በኋላ ነው ሻዩን የጠጡለት።

አጃኢብ ነው። ያን ሁሉ ወር ሰሌዳው ላይ የነበረው ምድብ የመንግሥትም፣ የአሻግሬም አልነበረም። የመካነ ሰላም ሽማግሌዎች ነበር።

አሻግሬ የወግዲ ልጅ ነው፤ ግዝት ምን እንደሆነ አያጣውም። አጎቱ በወሰን ነገር ተገዝቶ ግዝቱን ቢያፈርስ ምን እንደደረሰበት ነገረኝ። ሚስቱ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ በሰኔ ትወልዳለች። «ታዲያ ስብሰባው ላይ ይህን ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። «በውይይት ክበብ ተነሥቼ ቄስ ገዝቶኝ ነው ልበል?» አለኝ። «ሴት ይንቃል ቢሉኝ ማስጠንቀቂያ ነው። ቄስ ይፈራል ቢሉኝ ከሥራ መባረር ነው። ደግሞስ የእናትሽን ስም ሊቀ መንበሩ አፍ ውስጥ ላስገባው?»

ሰውየው ባልሠራው ጥፋት እንዲወቀስ ያደረግኩት እኔ ነኝና አፈርኩ። ግን ያፈርኩት ለትንሽ ጊዜ ነው። አንድ ነገር ጠየቅኩት። «የካፒቴን አካሉ እናት ከነቄሷ ብትመጣብህስ ኖሮ?» አልኩት። አሰበ። መዋሸት አይሆንለትም። «ሻይ አጠጥቼ፣ እማማ፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ይልመደው፣ አብሽሩ ብዬ እሸኛቸው ነበር» አለ። «ቄሱ ቢገዝቱህስ?» አልኩት። «ቄሱም ለወንድ ልጅ ብለው አይገዝቱም» አለኝ።

ይኸው ነው እንግዲህ። አሻግሬ አላጠፋም፤ ደግሞም አጥፍቷል። አባ ወልደ ገብርኤልም እንዲሁ፣ ሸህ ጀብሪልም፣ አንቺም። አራታችሁ ስለ እኔ ስትመክሩ እኔን የጠራኝ የለም። ወንድ ብሆን ኖሮ «ልጄ፣ እፈራለሁ» ብለሽ ለራሴ ትነግሪኝ ነበር። ሴት በመሆኔ ነገሩን ለሽማግሌ ነገርሽው። ብታስለቅሺኝም ለእኔ መንገር ነበረብሽ።

ደግሞስ ገደሉን እኔ አላውቀውም? ከትምህርት ቤት ስንወጣ አፋፉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ድንጋይ እየለቀቅኩ፣ ከታች ድምፁ እስኪመጣ የምቆጥር ማን ነበርኩ? ፈንታሁን ይመስክር፤ እሱ ፈርቶ እግሬን ይዞ ነበር የሚቀመጠው። የዚያን ሜዳ ነፋስ ከቢተው ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ከረፋድ በኋላ ከገደሉ ወደ ላይ እንደሚነሣ፣ ያሰጣሽውን ነጠላ ነጥቆ ቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ላይ የሰቀለው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ለአካሉ ስነግረው «ይህ በመጽሐፍ የለም» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

በጥቅምት አንድ አይሮፕላን ከሜዳው ጫፍ ሸርተት ብሎ አፍንጫውን ሲሰብር ቆመሽ እንዳየሽ ሰምቼ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ግን አይተሻል። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት አሻግሬ ሲነግረኝ፣ ፍርሃትሽ ከዚያ የመጣ መስሎኝ ነበር። እስከ ትናንት ድረስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ሌላ ነገር አነበብኩ። እህል የሚቀበለው ሰው ዝርዝር ከየወረዳው ወደ መጋዘናችን እንደሚመጣ፣ ከዚህም ወደ አዲስ አበባ የማደርሰው እኔ እንደሆንኩ በጥቅምት ጽፌልሽ ነበር፤ ታስታውሺ ይሆናል። ትናንት የመካነ ሰላምን ዝርዝር ሰጡኝ። ሞተሩ እስኪሞቅ ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። የማውቀው ስም ብዙ ነው። አላነሣቸውም፤ ሰዎቹ አንድ ቀን ቀና ብለው ይሄዳሉ፤ ያኔ ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አለባቸው።

ተራ ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ላይ ግን አንዲት ሴት አለች። «ወለተ ኪዳን» ይላል። የአባት ስም የለም። የቤተሰብ ብዛት አንድ። በሬ የለም። ላም የለም። ፊርማው የአውራ ጣት ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ በየወሩ ተሰልፋለች።

እናቴ፣ ሰው በክርስትና ስሙ የሚጠራው ንስሐ ሲገባ ነው፣ ሲቆርብ ነው፣ ሲሞት ነው። በክርስትና ስሟ ለስንዴ የምትሰለፍ ሴት ከጎረቤት ልትደበቅ አይደለም፤ ጎረቤቷ አጠገቧ ተሰልፎ ያያታል። ይቺ ሴት ዝርዝሩ ከአገር ሲወጣ ማን እጅ እንደሚገባ የምታውቅ ሴት ናት። ሳስባት፣ መንገደኛ ከደጇ ሳይቀምስ ቢያልፍ እስከ ማግስቱ የሚቆጫት ትመስለኛለች። ገደል ከሚበላኝ ይልቅ ልጄ ሌማቴን ባዶ ብታየው ይብሳል የምትል ትመስለኛለች። ለዚህም ስትል ከወግዲ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን ሰው ሁሉ ብታስገዝት አይደንቀኝም።

ብታገኚያት ንገሪልኝ። ሰልፍ መቆም ነውር አይደለም በያት። ዝናብ የከለከላት ሴት ምን ያሳፍራታል? የሚያፍር ከተፈለገ ባለፈው መስከረም፣ እናንተ ዘር ስትበሉ፣ ለአብዮቱ በዓል መብራት ሲሰቅሉ የከረሙት ይፈሩ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክኩት ለዚህ ነው። ደግሞ ልጇ ያንን ስም አንብባ አላለቀሰችም በያት። ወረቀቱን አጣጥፋ አዲስ አበባ ድረስ በርራ፣ በሰዓቱ አስረክባ ተመልሳለች። መሪው እጇ ላይ አልተንቀጠቀጠም።

ከኅዳር ወዲህ በሶ አልላክሽልኝም። የላክኩልሽን ስኳር ለጎረቤታችን ለሀሊማ ልጆች ሰጠሁት ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የእናቴ እጅ እንደድሮው ነው ብዬ። ሌላ አልጨምርም።

ዛሬ ወደሆነው ልመለስ። ቢተውን ወባ ጣለው። ነገ ጧት ወደ እናንተ የሚመጣው ስንዴ ተጭኗል፤ ካፒቴኑ አካሉ ነው። ያለ ረዳት ግን አይሮፕላኑ አይነሣም። ከምሳ በኋላ ስገባ አሻግሬ የቢተውን ጣውላ በእጁ ይዞ ባዶውን ሚስማር ሲያይ አገኘሁት። ሌላ ረዳት እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። «አንቺ ሳትሄጂ ብትቀሪ ስንዴው እስከ ማክሰኞ ይተኛል» አለ። ቀጥሎም «በእጄ ግን አልችልም» አለ።

ጣውላዬን ከአዲስ አበባ ሚስማር ነቀልኩ። መካነ ሰላም ላይ ሰቀልኩት። «ግዝቱ ያንተ ነው፤ እጁ የኔ ነው» አልኩት።

አሻግሬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያወርደዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሥልጣኑ አለው። ከዚያ ሳይዞር «ተጣሟል፤ አቅኚው» አለኝ። አቀናሁት።

አካሉ ወሬው ሲደርሰው «የፎቶ ካፒቴን፣ ነገ ማሳረፉ ያንቺ ነው። ገደል ብትከቺኝ ግን ከእናትሽ ጋር ዘላለም ተጣላሁ» አለ። ይህን ያለው ሳይሥቅ ነው።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። አባ ወልደ ገብርኤልን ያንን ሰው ይፍቱት በያቸው። በመስቀላቸው ያሰሩትን በመስቀላቸው ይፍቱት፤ ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ እንቅልፍ አጥቷል። ሸህ ጀብሪልም የዘጉበትን በኩል ይክፈቱለት። «ልጂቱ ራሷ ናት የሰቀለችው» በያቸው። ቢቆጡ እኔን ይቆጡ። እኔን ልግዘትሽ ቢሉኝ ግን መጀመሪያ ስንዴው ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ይጠይቁልኝ።

የአሻግሬ ጉዳይ ደግሞ ለሰኞው ስብሰባ ይቆያል። ሰኞ እጄን አወጣለሁ፤ ማስጠንቀቂያው ይነሣለት እላለሁ። ምክንያቱን ቢጠይቁኝ ምድቡን አስተካክሏል እላለሁ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ምድብ ግን ከአሁን በኋላ በየሳምንቱ በማስታወሻዬ እይዛለሁ። ከእኔ በኋላ የምትመጣዋ ሴት ክንፍ ሥር ቆማ ፈገግ ስትል ስምንት ወር አታባክንም።

ይህን ደብዳቤ ነገ ሜዳው ላይ ለፈንታሁን በእጁ እሰጠዋለሁ፤ የፖስታውን ከረጢት የሚቀበል እሱ ነውና። እኔ ከአይሮፕላኑ ርቄ መሄድ አልችልም፤ ደንብ ነው። ስንዴውን ማራገፍ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፈንታሁን እንደነገርኩት ሳይንቀረፈፍ ከመጣ፣ እዚህ መስመር ላይ ስትደርሱ ገና ግማሹ ጆንያ አልወረደም። እስቲ ቆም በሉና አዳምጡ። ሞተር የማይሰማ ከሆነ መሬት ላይ ነኝ ማለት ነው። ደህና አርፌያለሁ። ገደሉ ባለበት አለ፤ እኔም ባለሁበት አለሁ።

ስንመለስ ባዶ ነን። የደከመ ሰው ወደ ደሴ ሆስፒታል ማምጣት ተፈቅዷል። አካሉን ለምኜ አንድ መቀመጫ አግኝቻለሁ። ያቺን የዝርዝሩን ሴት ይዘሻት ነይ። ድርሻዋ ለሀሊማ ልጆች እንዲሆን ፈንታሁን ዝርዝሩን ለሚይዘው ጸሐፊ ይንገርላት። ልብስ ልቀይር አትበይ። ነጠላ አትፈልጊ። የሚያዝ ነገር ካጣሁ አልመጣም እንዳትዪ፤ ባዶ እጅሽን ነይ። ቤቱን ሀሊማ ታይልሻለች። ብትቀሪብኝ ማክሰኞም እመጣለሁ፣ ሐሙስም እመጣለሁ። ሜዳውን ክረምት እስኪዘጋው ድረስ ያ ጣውላ ከዚያ ሚስማር አይወርድም፤ ካልመጣሽ ደንቡን ጥሼ ቤትሽ ድረስ መጥቼ አወጣሻለሁ።

ኪዳነ ምሕረት መንገዱን ከቤትሽ እስከ ሜዳው ታሳጥርልሽ። የሀሊማን ልጆች አላህ በረካ አድርጎ ያሳድግላት። የአባ ወልደ ገብርኤልን መስቀል በሩቁ ተሳልሜያለሁ፤ ለሸህ ጀብሪልም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ለሁለቱም ቁጣዬ አልበረደም። ፈንታሁን፣ ሳትዘል አንብበህ ከሆነ እግዜር ይስጥህ። አሁን ክንዷን ያዛትና አምጣልኝ።

አንድ ነገር ረስቼ። አካሉ መቀመጫውን ሲሰጠኝ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለእናቴና ዝርዝር ላይ ላየኋት አንዲት ሴት ነው አልኩት። «አንድ መቀመጫ ለሁለት ሴት ይበቃል?» አለኝ።

ይበቃል አልኩት።

ልጅሽ